ከእትዬ ይርገዱ ጎን ያለው አልጋ

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ እያፏጨ በኤረር በኩል በሚያልፍበት ዘመን፣ ይርገዱ የምትባል ብርቱካን ሻጭ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ ይርገዱ ይላታል። እኛ የሐረርጌ ሰዎች አንቱታ ላይ ብዙም አይደለንም፤ ስለዚህ ትልቅ ሴት ሆና ሳለ «እሷ» እያልኩ ባወራ ቅር አይበላችሁ። ክብሯ ልቤ ውስጥ ነው።

እትዬ ይርገዱ አርባ ዓመት ሙሉ ባቡሩ በቆመ ቁጥር እየሮጠች በመስኮቱ ብርቱካን ስታቀብል ኖረች። ከባሕር የሚመለስ መንገደኛ ስታገኝ አንድ ጥያቄ አላት፤ «ባሕሩ ምን ይመስላል?» አንዱ ሰማያዊ ነው ይላታል። ሌላው አረንጓዴ ነው ይላል። አንድ ወታደር ቀለም የሚባል ነገር የለውም ብሏታል። አንዲት መነኩሴ ደግሞ ምንም ሳትናገር አለቀሰች። ወዲያው ባቡሩ ይነሳል፤ እትዬ ይርገዱ መልሱን ይዛ እዚያው ትቀራለች። የሰው መልስ ሰበሰበች እንጂ ባሕርን አንድ ቀን አላየችም።

ከዚያ ዓይኗ ታመመ። ድሬዳዋ ያለው ሐኪም ደጋግሞ መረመራትና እውነቱን ነገራት፤ በሽታው መድኃኒት እንደሌለው፣ ዓመቱ ሳያልቅም ብርሃኑ ጨርሶ እንደሚጠፋ። እትዬ ይርገዱ እዚያ አላለቀሰችም። ቤቷ ተመልሳ ሦስት ልጆቿን ሰበሰበችና «አንድ ነገር ብቻ አምሮኛል» አለች። ምን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ያውቁታል።

ልጆቿን ላስተዋውቃችሁ። ትልቋ የሻረግ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ የምትናገረው በልክ፣ የምትሠራው በሰዓት ነው። መካከለኛው ወንድይራድ ግንበኛ ነው፤ ከእናቱ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራል። ሠርግ ውሎ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» ቢሉት «ጥሩ ነበር» ብሎ የሚተኛ ሰው ነው። የመጨረሻዋ አቦነሽ ናት። እሷ ደግሞ ገበያ ደርሳ ከመጣች ወሬው ሳምንት አያልቅባትም፤ ከራሷ ትንሽ መጨመርም ትወዳለች። በልጅነቷ የኤረር ወንዝ ሊወስዳት ሲል ለጥቂት ስለተረፈች፣ ከጉልበቷ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ አትገባም።

በዚያው ሰሞን አንድ መንገደኛ ባቡሩ ላይ በሙቀት ራሱን ስቶ ወደቀና ተሸክመው ጤና ጣቢያ አመጡት። የሻረግ ሁለት ቀን ከአጠገቡ ሳትለይ አዳነችው። ለካ ሰውዬው መርከብ ያለው ኖሯል። ሊሄድ ሲል «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አላት። የሻረግ ለራሷ የምትጠይቀው አጥታ አይደለም፤ ውጭ አገር ሄዳ ሐኪም ለመሆን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኝ የኖረች ናት። ሰውዬው ያን ሊያደርግላት እንደሚችልም ታውቃለች።

«እናቴን ባሕር አሳይልኝ» አለችው።

ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ። ለአራት ሰው ቦታ ሰጥቶ የመርከቡን ንድፍ ከደብዳቤ ጋር ላከላቸው። እናትና ልጆች ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከበቡት። ወይ መርከብ! ዘጠኝ ፎቅ ነው። ወጥ ቤቱ ብቻውን የኤረርን ባቡር ጣቢያ ያክላል። ወንድይራድ እንኳ፣ ያ ዝምተኛ፣ በጣቱ ግድግዳዎቹን እየተከተለ «ይህን የገነባ እጁ ይባረክ» አለ። እትዬ ይርገዱ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችና «ባሕሩ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በሁሉም በኩል ነው፣ እማዬ» አለቻት አቦነሽ።

እትዬ ይርገዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የተሰጧቸው ክፍሎች ሁለት ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ሁለት አልጋ አለ። አንደኛው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ አንዱ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ መስኮት ሆኖ ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል። ሁለተኛው ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከውሃው ወለል በታች ነው፤ መስኮት የሚባል የለውም። ጉዞው ደግሞ የአንድ አዳር ብቻ ነው። ባለ መርከቡ በደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ «ዋናው ነገር ንጋቱ ነው። በዚያ ሰዓት በየትም በኩል መሬት አይታይም። ፀሐይ ከውሃ ውስጥ ስትወጣ ያየ ሰው እስኪሞት አይረሳውም።»

ከላይኛው ክፍል አንዱ አልጋ የእናት መሆኑ አላከራከረም። ችግሩ ከጎኗ ያለው ነው። እሱንም እትዬ ይርገዱ ራሷ አከበደችው።

«ዓይኔ ሲጠፋ፣ ያንን ንጋት አብሮኝ ያየ አንድ ሰው እፈልጋለሁ» አለች። «ቀለሙ እንዴት ነበር ስለው የሚመልስልኝ፣ ረሳሁት ስል የሚያስታውሰኝ። ያለበለዚያ ጨለማው ውስጥ ብቻዬን መቅረቴ ነው። ማን እንደሚሆን እናንተ ተስማሙ፤ እኔ በልጆቼ መካከል አልመርጥም።»

አውቃለሁ፣ ቸኩላችኋል። «አራቱም ጎህ ሲቀድ እዚያው ክፍል ይግቡ» ልትሉኝ ነው። አይሆንም። በፎቆቹ መካከል ያለው በር ከእራት በኋላ ይቆለፋል፤ የሚከፈተው ፀሐይ ወጥታ ለቁርስ ሲጠሩ ነው። የመርከቡ ሰገነትም እስከዚያው ዝግ ነው። ዕጣ ይጣሉ የምትሉም አትጠፉም። ዕጣ የሚያምረው ግን ማንም ባልደከመበት ነገር ነው፤ እነዚህ ልጆች ያደረጉትን ደግሞ ገና ሰምታችሁ አልጨረሳችሁም።

ያን ቀን «አንቺ ግቢ»፣ «የለም አንተ»፣ «በሞቴ አንቺ» ሲባባሉ ዋሉ። ከደብዳቤው ጋር በመጣው መመዝገቢያ ላይ «ይርገዱ እና» ተብሎ ተጻፈና ከጎኑ ያለው መስመር ባዶውን ቀረ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ባቡሩ ጅቡቲ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ሃዲዱን ቀብሮት ጠበቀው። አሸዋው ተጠርጎ የሚያልቀው ነገ ነው ተባለ። መርከቡ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። መኪና የለም። ያረጀው የእትዬ ይርገዱ ጉልበት ከሃያ እርምጃ በላይ አያስኬዳትም። የሻረግ ሰዓቷን አየች፤ አቦነሽ ማልቀስ ጀመረች። ወንድይራድ የእናቱን ነጠላ ተቀበለ፣ አጠፈው፣ ጎንበስ ብሎ እናቱን አዘላትና ነጠላውን ደረቱ ላይ አሰረ።

«አውርደኝ! ሰው ምን ይለኛል?» አለች እናቱ።

«አንቺ ስታዝይኝ ሰው ምን አለሽ?»

ይህን ብሎ መንገዱን ጀመረ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በዚያ በሚጠብስ ፀሐይ ሥር ሄደ። መንገድ ላይ የጫማው ሶል ቢገነጠል ጥሎት ሄደ። እህቶቹ ውሃ ሲያቀብሉት መጀመሪያ ለእናቱ ወደ ኋላ ያሳልፋል። ወደቡ ሲደርሱ ውስጥ እግሩ ተልጦ ነበር፤ እናቱ እንዳታይበት የአቦነሽን ነጠላ ጫማ ተቀብሎ በግድ አጠለቀው። የሴት ጫማ አድርጎ ሲያነክስ ያየው የወደብ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ይሳቁ። እኔ ያን ሰው ባገኘው ብድግ ብዬ ነው የምቀበለው።

ባሕሩስ አትሉም? ባሕሩ አልታየም! መርከቡ ጋርዶታል። እትዬ ይርገዱ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ነጩ ብረት ወደ ላይ አላልቅ አላት። መስኮት በመስኮት ላይ ተደርድሮ እስከ ሰማይ ይሄዳል። እኔ እንዲህ ያለ መርከብ አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ምሳ መብላት ረስቼ ዋልኩ። ሰው የሚባል ፍጡር፣ ይህ የሚበላና የሚተኛ ደካማ ፍጡር፣ ይህን ሠርቶ ውሃ ላይ አቆመው ማለት እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

«ይሄማ ከተማ ነው» አለች እትዬ ይርገዱ። «ከተማ እንዴት ውሃ ላይ ይቆማል?»

የክፍሎቹን ቁልፍ የያዘው ሑመድ የሚባል ሰው ነው፤ አማርኛውን ድሬዳዋ የተማረ ደግ ሰው። «አይዞሽ እናቴ» ብሎ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል አስረዳት። ደግነቱ አበላሸው። እትዬ ይርገዱ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የታችኛው ክፍል ከውሃ በታች መሆኑን ልብ አላለችም ነበር።

«ሁለት ልጆቼ ከውሃ በታች እያደሩ እኔ ላይ ሆኜ ፀሐይ ልይ? አልሄድም!» ብላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። የሻረግ ብታስረዳት፣ ወንድይራድ ቢለምናት ወይ ፍንክች። መሳፈሪያው መሰላል ሊነሳ ሰዎቹ ገመዱን መፍታት ጀምረዋል።

አቦነሽ የታችኛውን ክፍል ቁልፍ ከሑመድ እጅ ነጥቃ መሰላሉን ሮጣ ወጣች። ከዚያም ወረደች። እቺ ከጉልበቷ በላይ ውሃ የማትደፍር ልጅ ፎቅ በፎቅ ወደ ታች ወረደች፣ የመጨረሻውን ክፍል ከፍታ ገባች፣ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ከብረቱ ወዲያ ባሕሩ ሲያጉረመርም ይሰማታል። መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ የቻለችውን ያህል ቆመች። ተመልሳ ስትመጣ እየሳቀች ነበር።

«እማዬ አየሁት! እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! ግድግዳውን ስትነኪው እንደ ላም ሆድ ይሞቃል። ባሕሩ እሹሩሩ ይልሻል። እኔ እዚያ ነው የምተኛው፤ እንዳትከለክዪኝ።»

እናቷ ድምፅዋን ሰምታ አመነቻት። ተነስታም ልጆቿን ተደግፋ መሰላሉን ወጣች። ዓይኗ ደኅና ቢሆን ኖሮ የአቦነሽን እጅ ታይ ነበር፤ ቁልፉን ጨብጦ አልዘረጋ ብሏል። ወንድይራድ ግን አይቶታል፣ የሻረግም አይታዋለች።

እንግዲህ ላይኛው ክፍል በር ላይ ደረሱ። እትዬ ይርገዱ ገብታ ብርሃኑን ተከትላ መስኮቱን አገኘችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ሦስቱ ልጆች ደጃፉ ላይ ቀሩ።

«ከእናት ጋር ማን ነው?» አለ ሑመድ መመዝገቢያውንና እስክሪብቶውን ይዞ። «አንድ ሰው ብቻ።»

«እሱ ይግባ፣ እግሩን አላየኸውም?» አለች የሻረግ።

«አቦነሽ ትግባ» አለ ወንድይራድ።

«እኔ ታች ነኝ፤ በሞቴ የሻረግ ትግባ» አለች አቦነሽ።

እናትየዋ ከውስጥ ሰማችና ተቆጣች። «ይሉኝታችሁን ተዉት! አልጋውን የማይፈልግ ካለ አሁኑኑ ወደ ታች ይውረድ!»

አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። ሦስቱም እናታቸውን ይፈልጓታል። ሦስቱም ያንን ንጋት ይፈልጉታል። እርስ በርስ መተያየት ከበዳቸው።

መጀመሪያ የሻረግ ተናገረች። «እኔ ባልጠይቅ ኖሮ ይህ መርከብ ለእኛ የለም ነበር። የራሴን ነገር ትቼ ነው የጠየቅኩት። አልቆጨኝም፤ ግን ላየው እፈልጋለሁ።»

ወንድይራድ ቀጠለ። «እኔ ባላዝላት መርከቡ ጥሎን ሄዶ ነበር።»

አቦነሽ ወደ ወንድሟና እህቷ ጠጋ አለች። «እኔ ባልወርድ ኖሮ እማዬ አትሳፈርም ነበር» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «ክፍሉ አይሞቅም። ከመቃብር አይሻልም። ግን እዚያ እተኛለሁ ብያታለሁ፤ ካልተኛሁ መዋሸቴን ታውቃለች።»

ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ ልቅሶ ቤት አውርቼው ሰዎቹ የመጡበትን ረስተው ሊጣሉ ደረሱ። አንዱ «የሁሉም መነሻ የሻረግ ናት፤ የባሕሩን ቀለምም ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትናገር እሷ ናት» ይላል። «አዎ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ እንደምታነብ አድርጋ!» ይለዋል ሌላው። አንዷ ለወንድይራድ ተከራከረች፤ በዚያ በጨለማው ዘመን ጠዋት ማታ ከእናቱ ጋር የሚኖረው እሱ አይደለም ወይ? «ታዲያ ቀለሙ እንዴት ነበር ስትለው ጥሩ ነበር ሊላት ነው?» ብለው ሳቁባት። ለአቦነሽ የቆሙት ደግሞ ብዙ ነበሩ፤ የምትፈራው ውስጥ ዘላ የገባች እሷ ብቻ ናት አሉ። ሌሎቹ ግን እናቷ መርከቡ ላይ የወጣችው «ታች እተኛለሁ» ያለችውን ቃል አምና ነው አሉ። እንደዚህ የምትጨምር ልጅ የምትነግረውን ቀለምስ ማን ያምናል? የቤቱ ባለቤት፣ ሐዘንተኛዋ ሴትዮ፣ ስታዳምጥ ቆይታ «እኔ መልሱን አውቀዋለሁ» አለች፤ ሊጠይቋት ዞር ሲሉ ግን ማልቀስ ጀመረች። እኔ አልፈርድም። ዕድሜ ልኬን አስቤበት አልፈረድኩም።

መርከቡ ጮኸ። ወለሉ በቀስታ ተንቀጠቀጠና ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ሰው በውሃ ላይ መሄድ ጀመረ። የወደቡ ቤቶች ወደ ኋላ ሄዱ። መሬቱ እየቀጠነ መጣ። ከዚያ በመስኮቱ ፊት ለፊት ባሕሩ ተከፈተ፤ መጨረሻ የለውም፣ ዳር የለውም።

«ወይ ጌታዬ!» አለች እትዬ ይርገዱ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያን የመሰለ ነገር ለአንዲት ቅጽበት እንኳ እንዳያመልጣት ፊቷን ከመስኮቱ አላነሳችም። ግን ብቻዋን ልትችለው አልሆነላትም፤ አንድ እጇን ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ዘረጋች።

«ማን ነው ከእኔ ጋር ያለው?» አለች። «ቶሎ ና፣ ቶሎ ነይ፣ እጄን ያዙኝ!»

ሑመድ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው። ሦስቱ ልጆች ደጃፉ ላይ ናቸው። የእናት እጅ ተዘርግቷል፣ ይጠብቃል። እናንተ ብትሆኑ ከሦስቱ የማንን እጅ ታስይዟታላችሁ?