ቢተው ያልዋጠው ጉርሻ

እግዚአብሔር ያቆያችሁ፣ ቀረብ በሉ። ይህ ነገር የሆነው እኛም አባቶቻችንም ሳንወለድ፣ ዋርካ በር በምትባል መንደር ነው። በዚያች መንደር ቢተው የሚባል ሰው ነበር። መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ሚስትም የለችው። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይጠርጋል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይጸልያል። ሻሼ የምትባል ድመት ነበረችው።

በዚያ ዓመት አንበጣ መጣ። ሰዉ ከአንበጣ የተረፈውን ዘር ሰብስቦ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስቀመጠ። የመንደሩ ዘር በሙሉ ያ ብቻ ነው። አይጥም በዛ። የመንደሩ ድመት ሁሉ በበሽታ አለቀና ሻሼ ብቻ ቀረች።

በዐቢይ ጾም መካከል ሻሼም ታመመች። አንድ ቀን ምግብ እምቢ አለች። ሁለት ቀን እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን አይጥ አንድ ስልቻ ጤፍ ቀደደ።

ቢተው ወተት ፍለጋ ወጣ። እማማ ውዴ የሚባሉ ባለ ላም ደጃፍ ቆመ።

«በጾም ወተት ለማን ነው?» አሉት።

«ለሻሼ ነው፣ እማማ።»

«እሷ ከቄሱ በልጣ ስትጾም እኛ እናስገድፋት?» ብለው ሳቁ። ሆኖም በቅል ሞልተው ሰጡት። ወስዶ አቀረበላት። ሻሼ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ወንዝ ወረደ። ግማሽ ቀን ውሃ ውስጥ ቆሞ አንዲት ዓሣ ያዘ። ሮጦ መጥቶ አቀረበላት። ሻሼ ፊቷን አዞረች። በዚያ ቀን አይጥ ሁለት ስልቻ ቀደደ።

አያ ደርሶ የሚባሉት የመንደሩ ጭቃ ሹም መጡና «ይቺ አትተርፍም፣ ቢተው። ዘሩን ለየቤቱ እናካፍል» አሉ። የተራበ ልጅ ያለበት ቤት የገባ ዘር እስከ ክረምት እንደማይቆይ ሁሉም ያውቃል።

«እስከ ነገ ይታገሡኝ፣ ጌታዬ» አለ ቢተው።

ሻሼን ጭኑ ላይ አስተኛና ደኅና አድርጎ አያት። አፍንጫዋ በንፍጥ ተደፍኗል። ሽታው ካልደረሳት ምግብ መሆኑን በምን ትወቅ። ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ጠረገላት። ዓሣዋንም ፍም ላይ አሞቀ። ያን ጊዜ ሻሼ አሸተተች፣ አፏን ከፈተች፤ ግን መንከሻ አቅም አጣች።

የሕፃን እናት ምን ታደርጋለች? ታላምጥለታለች። ቢተው ግን ጾመኛ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። «ጌታዬ፣ አንተ ታያለህ» አለና ከዓሣዋ ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገ። አላመጠ። ሆዱ ዋጠው አለው። አልዋጠም። በጣቱ አውጥቶ ከንፈሯ ላይ ቀባላት። ላሰች። ደግሞ አላመጠ። ደግሞ አልዋጠም። ደግሞ ላሰች። ዓሣዋ እስክታልቅ እንዲሁ ሆነ።

ከዚያ ፈራና ወደ ነፍስ አባቱ ሄደ።

«አባቴ፣ በጾም ዓሣ አላመጥሁ።»

«ዋጥህ?»

«አልዋጥሁም።»

«ጣመህ?»

«እጅግ ጣመኝ፣ አባቴ።»

«እኔ ሽሮ ጠግቤ ከጾምሁት ያንተ ሳይበልጥ አይቀርም። ነገም አላምጥላት» አሉት ቄሱ።

ጭቃ ሹሙም ሻሼ መብላቷን አይተው ዘሩን ሳይነኩ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ሻሼ በእግሯ ቆመች፣ ዕቃ ቤት ገባች፣ አይጡም ሸሸ። ክረምት ሲገባ ዋርካ በር ያለ ሰው ሁሉ ዘራ። ጥቂት ነበር፤ ግን ለሁሉም ደረሰ።

የቢተው መቃብር የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ነፍሱን በገነት ያኑርልን። ነገር ግን ዋርካ በር ላይ እስከ ዛሬ፣ ዘር በሚዘራበት ቀን ጠዋት፣ ሰው ድመቱን በእጁ ሳያጎርስ እህል አይቀምስም። ድመት የሌለው የጎረቤቱን ያጎርሳል። ገበሬው በሬውን ነድቶ ሲወጣ ከደጅ ሆኖ ሚስቱን ይጠይቃል፦

«ድመቷ በላች?»

«በልታለች» እስክትለው ድረስ የዘሩን ስልቻ አይፈታም።