የአያ ይስማው ፊት፣ ፊት፣ ቀኝ

ልጆቼ፣ ድሮ ነው፤ ድሮም ገና ድሮ ሳይባል በፊት።

ደንገል በር በምትባል መንደር አያ ይስማው የሚባል ሽማግሌ ነበር። ከደንገል ምንጣፍ ይሠራል። ሁለት ጥቁር፣ አንድ ነጭ፤ ሁለት ጥቁር፣ አንድ ነጭ። ሌላ ጌጥ አያውቅም። እሷንም ጮክ ብሎ ካልቆጠራት ትጠፋበታለች። መሐል ላይ ሰው በስሙ ከጠራው አለቀለት፤ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። እኔ መቼም እንደ እሱ ነገር የሚምታታበት ሰው አልሰማሁም።

በመንደሩና በእርሻው መካከል ረግረግ ነበር። የጥንት ሰዎች ረግረጉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈዋል፤ ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ እንዲሁ እያለ እስከ ማዶ። በክረምት ውሃው ይሸፍነዋል። ትልቅ ሰው በእግሩ ያውቀዋል፤ ልጅ አያውቀውም። አንድ ክረምት ረግረጉ አንዲት ልጅ ዋጠ። ስሟን አልጠራም፤ እናቷም እስክትሞት አልጠራችውም።

መንደሩ መከረ። ልጆቹን መንገዱን የሚያስተምር ሰው ይፈለግ ተባለ። ሰው ሁሉ እርሻ ይውላል፤ ቤት የሚውለው አያ ይስማው ብቻ ነው። ሰባት ሕፃናት ሰጡት። «እሱ ራሱ መች ደጁን አግኝቶ ነው» እያሉ ሳቁበት።

መጀመሪያ ጓሮው ውስጥ ድንጋይ ደረደረ። ፊት፣ ፊት፣ ቀኝ። «በሉ ቀጥሉ» አላቸው። አንዱ ፊት፣ ፊት፣ ፊት ብሎ አጥሩ ጋ ደረሰ። ሌላዋ ቀኝ፣ ቀኝ እያለች ዞረች። አያ ይስማው ተቆጣ፤ ቀጥሎ ግራ ገባው። የቱ ነው የተሳሳተው?

ከሰባቱ አንዷ፣ የልጅ ልጁ እንጉዳይ፣ «አባባ፣ አንዴ ብቻ እኮ ነው ያሳየኸን። ከዚያ ወዲያ ያለውን በምን እናውቃለን?» አለችው።

እውነቷን ነው። ደግሞ ደረደረው። በሦስተኛው ልጆቹ ራሳቸው ጨረሱት።

ሌላ ቀን ምንጣፍ ዘረጋ። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ አስባላቸው፤ እንደ ዘፈን ያዙት። ከዚያ የሚጀምርበትን ጫፍ በጋቢው ሸፈነና መሐሉን እያሳየ «አሁንስ የት ነን?» አለ። ልጆቹ ግራ ገባቸው። እሱም ግራ ገባው። ጋቢውን ሊያነሳ ከጀለና ተወው፤ ረግረጉ ላይ ጋቢውን የሚያነሳላቸው የለም። ሲቸግራቸው ዋሉ። በኋላ ትንሿ ልጅ ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች። ከነጩ ወዲያ ሁልጊዜ ሁለት ጥቁር ነው። «ለካ ነጩን መፈለግ ነው» አለ አያ ይስማው። «ረግረጉም ላይ ነጯ ቀኟ ናት።»

ከዚያ ክረምቱ ሳይታሰብ ገባ። ወላጆች ማዶ ሳሉ ከላይ ያለው ወንዝ ገንፍሎ ቤቶቹ ውስጥ ገባ። መሸሻው ማዶ ብቻ ነው። አያ ይስማው ሰባቱን እጅ ለእጅ አያይዞ፣ እንጉዳይን ከኋላው አድርጎ ገባ። ውሃው ደፍርሷል፤ ድንጋይ አይታይም። ፊት፣ ፊት፣ ቀኝ። ፊት፣ ፊት፣ ቀኝ።

መሐል ሲደርሱ እናቶች ከማዶ አዩአቸው፤ ስሙን እየጠሩ ጮኹ። አያ ይስማው ቀና አለ። ጠፋው። አንድ ፊት ነው የሄደው ወይስ ሁለት? እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ፈራ፣ በጣም ፈራ። ምንጣፍ አይደለም፣ ፈትቶ አይጀምረው።

«ልጆቼ፣ ጠፋኝ» አላቸው።

እንጉዳይ ዞር ብላ ሰልፉን አየች። እያንዳንዱ ልጅ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። «አባባ፣ ቀኝ የታጠፈችው ከኋላዬ ያለችው ድንጋይ ናት፤ ነጯ እሷ ናት። እኔ ጥቁር፣ አንተ ጥቁር።»

«ቀኝ» አሉ ሰባቱም ባንድ አፍ።

ቀኝ ረገጠ። ድንጋዩ አለ። ሰባቱም ተሻገሩ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች «ልጆቹን ልትፈትን ብለህ ነው አይደል?» አሉት።

«አይ፣ ጠፍቶኝ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ በደንገል በር ለልጅ ነገር የሚያሳይ ሰው ሁለቴ ሙሉውን ያሳያል። በሦስተኛው መጨረሻዋን ይተውና ዝም ይላል፤ ልጁ እስኪመልስ ቢመሽም ይጠብቃል። ይህን መጀመሪያ ያደረገችው ረግረጉ ልጇን የወሰደባት እናት ናት፤ ኋላ ለወለደችው ልጅ።

እኔም ነግሬ ጨረስኩ፤ የቀረው የእናንተ ነው። ፊት፣ ፊት፣ ቀኝ። ፊት፣ ፊት፣ ቀኝ። ፊት፣ ፊት…