ሁለት ስንዝር የጎደለው ባና

አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ። የተወለደው ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ በሚታይበት ደጋ ነው፤ ኑሮው ግን ሩቅ፣ ሙቀቱ ወገብ በሚያላላ የወደብ ከተማ ሆነ። እዚያው አገባ፤ እዚያው ትርሲትን፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ናሁን ወለደ። ቤቱ ሞላ፤ ሆዱ ግን አገሩን ባነሳ ቁጥር ይባባል። ላቡን እየጠረገ ለልጆቹ የሚያወራው ስለዚያ ብርድ ነው።

«እውነት ከሰው አፍ ጭስ ይወጣል?» ትለዋለች ትርሲት።

«ለገና እወስድሽና ታዪዋለሽ» ይላታል።

ለገና! ስንት ገና ያለፈ ይመስላችኋል? በመጀመሪያ ልጅቷ ጨቅላ ናት፣ ብርዱ ይጎዳታል አለ። ቀጥሎ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሆነች፤ ይሄስ ይሁን፣ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ገበያው ደርቷል፣ ለከርሞ» ማለት ለመደ። ነጋዴ መቼም ምክንያት አያልቅበትም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሰባት ዓመት ነጎደ።

በአባቱ አገር አንድ ልማድ አለ። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ሲወለድ አያት ከበጎቹ አንዷን በልጁ ስም ይሰይማል። የዚያች በግ ጠጉር ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ለሕፃኑ ባና ይሆናል፤ ብርድ የማይበሳው ወፍራም የሌሊት ልብስ ማለት ነው። ከዚያም በየዓመቱ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ አንድ ስንዝር ይቀጠልበታል። ልጁ አያቱ ቤት ሲያድር የሚለብሰው እሱን ነው፤ ታናናሾቹም ከሥሩ ይገባሉ። ሌላ ማልበስ ነውር ነው።

የነጋዴው አባት አያ ሽብሩም ለትርሲት በግ ሰየሙላት። ከወደቡ የመጣ መንገደኛ ባገኙ ቁጥር «የልጄን ልጅ አይተሃታል? እስከየት ትደርስሃለች?» ይላሉ። ሰውየው በእጁ ቁመቷን ያሳያቸዋል። «ኧረ አድጋለች!» ብለው ደስ እያላቸው ስንዝሯን ይቀጥላሉ።

በሰባተኛው ዓመት የነጋዴው ሚስት መረራት። «አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ የወተት ጥርሷ ረግፎ ሌላ አበቀለች እኮ! ወይ ውሰዳቸው፣ ወይ ማውራቱን ተው» አለችው። ነጋዴው አፈረ። ሱቁን ለወንድሟ አደራ ብሎ፣ ለልጆቹ ለስላሳ ብርድ ልብስ ጭኖ፣ ሦስት ቀን ብቻ አድሮ ሊመለስ ሁለቱን ይዞ ተነሣ።

ደጋው ላይ ሲደርሱ ናሁ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ጭስ! ከአፌ ጭስ ወጣ!» እያለ ዘለለ። አያ ሽብሩ የልጅ ድምፅ ሰምተው ምርኩዛቸውን ይዘው ከደጅ ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለ ነጋዴው።

«ልጄ? ወይኔ ልጄ! ጠጋ በል እስቲ ልዳብስህ» አሉት። ዓይናቸው መጥፋቱን ነጋዴው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። መልእክተኛ ሁሉ «ደኅና ናቸው» ይለው ነበር፤ እሱም ከዚያ በላይ ጠይቆ አያውቅም።

ሲመሽ ልጆቹ ደክሟቸው ጋደም አሉ። ነጋዴው አዲሱን ብርድ ልብስ ሊዘረጋ ሲል ሽማግሌው ተቆጡ። «አንሣው! በቤቴ የገበያ ልብስ አይለብሱም።» ከሣጥናቸው ባናውን አውጥተው በዳበሳ አለበሷቸው። እጃቸው ጠርዙን ተከትሎ ወደ ታች ሲወርድ ግን ከባዶ ቅልጥም ላይ ቆመ።

«ይሄ የማን እግር ነው?»

«የኔ ነው አባባ። በረደኝ» አለች ትርሲት።

ሽማግሌው ከጠርዙ እስከ ተረከዟ ለኩ። አንድ፣ ሁለት ስንዝር።

«ሲለኩ ተሳስተው ይሆናል አባዬ» አለ ነጋዴው።

«አልተሳሳትኩም። አምስት ዓመት ቀጠልኩ። በስድስተኛው ዓመት ዳግመኛ ‹ለከርሞ› ብለህ ስትልክብኝ ተስፋ ቆረጥኩ። ለማይመጣ እግር ምን ይሠራል ብዬ ተውኩት። ዓይኔም ብዙ አልቆየም፣ በዚያው ዓመት ጠፋ። የዛሬ ሁለት ዓመት ብትመጣ ኖሮ ልጄ፣ ፊታቸውን አይ ነበር።»

ነጋዴው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቆይቶ «የሁለቱ ዓመት ጠጉርስ የት አለ?» አላቸው።

«ትራሴ ውስጥ ነው። መጣሉ አላስችል አለኝ።»

ሦስቱ ቀን ተረሳ። ትራሱ ተተረተረ፤ ጎረቤቶች ፈተሉ፣ ሸማኔው ሸመነ፤ ገናም በዚያው ተከበረ። ስፌቱን ግን አያ ሽብሩ ለማንም አልሰጡም። ትርሲት መርፌ ላይ ክር ታስገባላቸዋለች፤ እሳቸው በጣታቸው እየፈለጉ ይሰፋሉ። በመሐል ሥራውን አስቀምጠው ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አዲሶቹን ጥርሶቿን ይዳብሳሉ። «ቆይ እስቲ መልክሽን ልያዘው፣ እንዳይጠፋኝ» ይሏታል። እሷም ትስቃለች።

በመጨረሻው ቀን እግሯን ዘርግታ ተኛች። ባናው ጣቶቿን ሸፈነ።

«ይኸው ሞላ፣ አባዬ» አለ ነጋዴው።

«አዎ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፤ «ባናውስ ሞላ።»

ወዳጆቼ፣ ተራራውማ የትም አይሄድም፤ ብርዱም በየዓመቱ ይመለሳል። አገር የሚያደርጋቸው ግን በእነሱ መካከል ተቀምጦ የልጆቻችንን ቁመት በስንዝር እየገመተ የሚጠብቀን ሰው ነው። ያ ሰው «ለከርሞ» ባልነው ቁጥር የሚያጣውን እኛ አናየውም። የዘገየ ጠጉር ይቀጠላል፤ ሳይታይ ያለፈ ፊት ግን በምን ይቀጠላል?

እርስዎስ ለማን ነው «ለከርሞ» ያሉት? ባናው ስንት ስንዝር ጎድሎ ይሆን?