መርዶ ያልደረሰው ማውጫ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ግን ተናድጄ ስለሆነ የምነግራችሁ አታቋርጡኝ።

እትዬ ጠጂቱ አንዲት ነገር ፈለጉ። ሟች ባላቸው አቶ ደርሰህ በጉልምስናቸው አውድማ ላይ ሲያበራዩ ያንጎራጎሩትን የከተማው የድምፅ መዝገብ ቤት በካሴት ቀድቶት ነበር። እሁድ አርባቸው ነው። «ፎቶውስ አለኝ፤ ድምፁ ነው የሌለኝ። ልጆቹ ይስሙት» አሉ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ካሴት ጠባቂው አቶ ውብእሸት «ቁጥር የሌለው ካሴት ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉ። ካሴቱ እኮ እጃቸው ላይ ነው! አቶ ውብእሸት ካሴቱን አያወጡ፣ እትዬ ጠጂቱ የባላቸውን ድምፅ አይሰሙ።

ወደ መዝጋቢዋ ትርሲት ሄዱ። «እማማ፣ ዓይነቱን ካልመረጥኩ ኮምፒውተሩ ቁጥር አይሰጠኝም። ‹የአውድማ ዜማ› የሚለው ዓይነት ደግሞ ከዝርዝሩ ጠፍቷል» አለች። ትርሲት ቁጥር አትሰጥ፣ አቶ ውብእሸት ካሴቱን አያወጡ፣ እትዬ ጠጂቱ የባላቸውን ድምፅ አይሰሙ።

ዓይነቶቹን ወደሚፈጥረው ወደ ጌድዮን ሄዱ። ጌድዮን ባለፈው ሳምንት ዝርዝሩን ላስተካክል ብሎ አሥራ ሁለት ዓይነት ባንድ ጊዜ ጠርጎ ያጠፋ ጀግና ነው። «እንደገና ልፈጥረው ስል ‹ይህ ስም ተይዟል› ይለኛል» አለ። የጠፋ ነገር እንዴት አድርጎ ይያዛል? ጌድዮን ዓይነቱን አይፈጥር፣ ትርሲት ቁጥር አትሰጥ፣ አቶ ውብእሸት ካሴቱን አያወጡ፣ እትዬ ጠጂቱ የባላቸውን ድምፅ አይሰሙ።

ተረት ስለሆነ ማውጫውም ይናገራል። ማውጫው የዓይነቶቹን ስም የሚይዘው የኮምፒውተሩ ደብተር ነው። «ስሙን አለቅም! ‹የአውድማ ዜማ› ሞተ ብሎ ማን ነገረኝ? መርዶ አልደረሰኝም» አለ። ማውጫው ስሙን አይለቅ፣ ጌድዮን ዓይነቱን አይፈጥር፣ ትርሲት ቁጥር አትሰጥ፣ አቶ ውብእሸት ካሴቱን አያወጡ፣ እትዬ ጠጂቱ የባላቸውን ድምፅ አይሰሙ።

«አንተ ጠራጊ! ምነው ሳትነግረው?» አሉ እትዬ ጠጂቱ።

የሚያጠፋው ትእዛዝ፣ ጠራጊው፣ «አንድ ሳጠፋ አንድ መርዶ እነግራለሁ። አሥራ ሁለት በጅምላ ሳጠፋም የመጀመሪያውን ብቻ ነግሬ እሄዳለሁ። እንዲህ ነው የተጻፍኩት» አለ። አያፍርም! ጠራጊው አያረዳ፣ ማውጫው ስሙን አይለቅ፣ ጌድዮን ዓይነቱን አይፈጥር፣ ትርሲት ቁጥር አትሰጥ፣ አቶ ውብእሸት ካሴቱን አያወጡ፣ እትዬ ጠጂቱ የባላቸውን ድምፅ አይሰሙ!

አሁን እትዬ ጠጂቱ ጦፉ። ፕሮግራሙን ወደጻፈው ወደ ናሁሰናይ ሄደው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«እማማ፣ ትንሽ ስህተት ናት፤ ተራዋን ትጠብቅ» አላቸው።

«ተራ? አርባውም ተራ ይጠብቅ? ስማኝ ልጄ፤ ባሌ ስድስት ወንድሞች አሉት። ለታላቁ ብቻ አርድተን አምስቱን ብንተዋቸው ምን ትለን ነበር?»

«ነውር ነው» አለ ናሁሰናይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ አሥራ አንዱን ሳታረዳ ቁጭ ብለህ ተራ ትለኛለህ?»

ናሁሰናይ አፈረ፤ ይበለው። ወዲያው ጻፈ፦ የጠፋው ስንትም ይሁን፣ ለእያንዳንዱ መርዶ ይነገር። የተዘለሉትን አሥራ አንዱንም እዚያው አስነገረ።

ጠራጊው አረዳ፣ ማውጫው ስሙን ለቀቀ፣ ጌድዮን ዓይነቱን ፈጠረ፣ ትርሲት ቁጥር ሰጠች፣ አቶ ውብእሸት ካሴቱን አወጡ። ለዚህች ነው አራት ቀን ሙሉ ያንከራተቷቸው!

እሁድ ድንኳኑ ውስጥ ካሴቱ ተከፈተ። አቶ ደርሰህ አንጎራጎሩ፤ በሬዎቹን ነዱ፤ ከዚያ ዜማቸውን አቋርጠው «ጠጂቱ! ውኃ!» ብለው ተጣሩ።

ሳምንቱን ሲቆጡ የሰነበቱት እትዬ ጠጂቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«መጣሁ! ምን ያስጮህሃል!»