ግራሶ የላሰው ኦፕሬተር

አንድ ጊዜ፣ አቧራው ፀሐይን በሚጋርድበት ቆላ አገር የሚኖሩ አውሬዎች የሚጠጡበት ኩሬ በደለል ተሞላባቸው። ዝናቡ ሊመጣ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። ኩሬው ሳይጠረግ ከዘነበ ውሃው ሜዳ ለሜዳ ፈስሶ ያልቃል፤ እነሱም በጋውን ሙሉ በጥም ሊያልቁ ነው። ደግነቱ ንጉሡ አንበሳ፣ መንገድ ሠሪዎች አገልግላ አረጀች ብለው የተዉአትን አንዲት ዶዘር አግኝቶ ነበር።

ዶዘሯን የምትነዳው እትዬ አህያ ነበረች። በየማለዳው ሞተሩን ከማስነሳቷ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥታ አቧራውን ታራግፋለች። ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ ታያለች። ሰንሰለቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ ፍቃ፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ግራሶ ቀብታ ስትጨርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች።

ይህን እያየ አንጀቱ የሚያርረው አያ ጅቦ ነበር። ንጉሡ ኩሬው ያለቀ ዕለት አንድ የሰባ ግመል ጥሎ ግብር እንደሚያበላ ቃል ገብቷል። አያ ጅቦም ከዚያ ቀን ወዲህ የግመሉን ሻኛ ሳያስብ የዋጠው ምራቅ የለም።

«እትዬ አህያ፣ ብረት እኮ ናት! ሙሽራ አደረግሻት እንዴ?» አላት አንድ ማለዳ።

«አሮጌ ናት፣ አያ ጅቦ። አገሩም አቧራ ነው። እሷ ከቆመች ሁላችንም ቆምን።»

ይህን የሰማች እሜት ቀበሮ ወደ ጅቡ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እኔ አንተን ብሆን ራሴ እነዳታለሁ። ጎህ ሲቀድ ጀምረህ ብትገፋ ሥራው በሦስት ቀን ያልቃል። ሻኛው ደግሞ የነጂው ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ አማካሪህ ነኝ። ለምክሬ ጉበቱ ይበቃኛል።»

አያ ጅቦ እየሮጠ ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ለመነ። ንጉሡ ወደ ሰማይ አየ፤ ደመናው አሳሰበው። «እስቲ ሞክር» አለ።

እውነትም አያ ጅቦ በመጀመሪያው ቀን እትዬ አህያ በሁለት ቀን የምትጠርገውን ጠረገ። አውሬው ሁሉ አጨበጨበለት። ሥራ ሲያበቃ ዓይኑ የግራሶው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። ከፍቶ ሲያየው ጮማ መሰለው። አንዴ ላስ አደረገ። ጣዕሙ እንኳ አልጣመውም፤ ግን አያ ጅቦ ጀምሮ የተወው ነገር ስለሌለ ቆርቆሮውን ጥርግ አድርጎ ላሰው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዶዘሯ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረች።

«አያ ጅቦ፣ ፊልትሮው ታፍኗል! አጥፋትና አራግፈው!» ስትል እትዬ አህያ ከዳር ጮኸች።

«የሚሠራ ሁሉ ይጨሳል!» አላት። ወዲያው ግን ፊቱ ያለችው የሞተሩን ሙቀት የምታሳይ መርፌ ዓይኑን ሳበችው። «አማካሪዬ፣ ይህቺ መርፌ ቀዩ ላይ ምን ትሠራለች?»

ከጎኑ የተቀመጠችው ቀበሮ ስለ መርፌ የምታውቀው አልነበራትም። «ቀይ ሲባል ምን ትዝ ይልሃል?»

«ሥጋ።»

«እንግዲያው ወደ ሥጋው እየተቃረብን ነው። ንዳ!»

ብዙም አልሄዱ። ሰንሰለቱ ሲጥጥ አለ፤ ዶዘሯ ተንቀጠቀጠችና ጸጥ አለች። አያ ጅቦ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት የፈላ እንፋሎት አፍንጫውን ለበለበው። ኩሬውን ሦስት ጊዜ እየጮኸ ዞረ። ከሩቅ ነጎድጓድ አጉረመረመ።

ንጉሡ እትዬ አህያን አስጠራ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ትነሣልን ይሆን?»

«እስክትበርድ ማንም አይንካት» አለች። ከበረደች በኋላ ዙሪያዋን ፈትሻ፣ «ሞተሩ ተርፏል፤ መጋጠሚያዎቹ ግን ደርቀዋል። ግራሶው የታለ?» ብላ ጠየቀች።

አያ ጅቦ የሚያብረቀርቀውን ጢሙን በመዳፉ ሸፈነ። «ትንሽ ቀምሼው ነበር።»

«የቀረውስ?»

«ከትንሹ ጋር ሄደ።»

«እንግዲያው ሌላ ቅባት ይምጣ። እንደ ግራሶው ባይሆንም እስከ ዝናቡ ያደርሰናል።»

ንጉሡ ጥቂት አሰበና ግመሉ በዚያው ቀን እንዲጣል፣ ሻኛው እንዲቀልጥ አዘዘ።

«ሻኛዬን? ለብረት?» አለ አያ ጅቦ ዕንባው እየወረደ።

«ለብረት። ቀቢውም አንተ ነህ።»

እንዳይልስ አፉን በገመድ አሰሩት። ፊልትሮውን ለማራገፍ ደግሞ ከቀበሮዋ ጅራት የተሻለ ብሩሽ አልተገኘም።

«እኔ እኮ አማካሪ ብቻ ነኝ!» አለች።

«አማካሪነትሽ አልተሻረም፤ ጅራትሽ ብቻ ሥራ ይጀምራል» አላት ንጉሡ።

እሷ በአቧራ ግራጫ እስክትሆን አራገፈች፤ እሱ መጋጠሚያ ለመጋጠሚያ እየተሳበ ቀባ። እትዬ አህያ ሞተሩን ስታስነሳው ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። አያ ጅቦ አፉ እንደታሰረ፣ ለምን እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው፣ ጅራቱን ወዘወዘ።

የኩሬው የመጨረሻ ጥግ ተጠርጎ ባለቀ ማግስት ዝናቡ ወረደ። አውሬው ሁሉ ሲጨፍር እትዬ አህያ ዶዘሯን ዛፍ ሥር አቁማ የጭስ ማውጫዋን ከዝናቡ ትሸፍን ነበር። አፉ የተፈታለት አያ ጅቦ ጠጋ አለ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ያደክምሻል? ሥራው አልቋል እኮ።»

«በዚህ ነዋ ያለቀው» አለችውና ገመዱን አቀበለችው፤ አያ ጅቦም ሽፋኑን አብሯት አሰረ።

ከዚህ የምንማረው፣ አሮጌ መሣሪያ ይዞ ክፉ ቦታ የሚሠራ ሰው ለጥገና የሚሰጣት ሰዓት የባከነች ብትመስለውም ሥራውን ዳር የምታደርስለት እሷው መሆኗን ነው።