አማርኛ የማይነገርበት ግቢ

ያኔ በሰፈራችን የቀን ሠራተኛ የሆነች እናት ልጇን አሸዋ ክምር ላይ አስቀምጣ ነበር የምትሠራው። እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው፤ ስለሱ ብዙ አላወራም።

አንዲት ሲሚንቶ ተሸካሚ ግን ከልጇ አጠገብ ድንጋይ ሲወድቅ አየችና፣ ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት እስክትገባ የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ ፍለጋ ወጣች። በሰፈሩ ካሉት ሁለት ማቆያዎች አንደኛው ሞልቷል። የቀረው የአቶ ልሳነወርቅ ነበር።

«እዚህ ግቢ የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው» አሏት አቶ ልሳነወርቅ፣ ወንበራቸው ላይ ተንፈላስሰው። «አማርኛ የተናገረ ወዲያው ወደ ቤቱ ይላካል።»

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ ውሃ።»

«ይኸው! በይ ውሰጃት፤ ሕግ ሕግ ነው።»

ሴትዮዋ ልጇን አዘለችና በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ ተጣራች። «ጋሼ፣ ይክፈቱልን! የምንወጣው ሦስት ነን።»

«ሦስተኛው ማነው?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«እርስዎ ነዎት። እስካሁን የሚያናግሩኝ በአማርኛ አይደል?»

ዘበኛው ሳቁን በካቦርቱ እጅጌ አፈነ። አቶ ልሳነወርቅ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ሕጉ እኔን አይመለከትም! የሚመለከተው የተመዘገቡትን ልጆች ብቻ ነው!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሴትዮዋ እጅ ነሥታ። «በሕጉ ካባረሯት፣ ልጄ ተመዝግባለች ማለት ነዋ። ሰኞ ይዣት እመጣለሁ።»