የፔዳሉ ሁለተኛ ሽቦ

አንድ ሰው ነበር፤ መካኒክ ነው። ሆሳዕና ከተማ ጫፍ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ አለችው። ስሙን ሎዳሞ እንበለው። እጁ ወርቅ ነው፤ ሞተር ማውረድና መስቀል ለእሱ ጨዋታ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ "እመጣለሁ" ይላል፣ አይመጣም። ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሲናገር ከልቡ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ የሌለ እስቲ እጃችሁን አውጡ! አያችሁ፣ ማንም አላወጣም።

ልጁ ብሩክታዊት ሐዋሳ ነርስነት ትማር ነበር። ታማ ስትተኛ "ነገ እመጣለሁ" አላት፤ ቀረ። ለገና "እኔው ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ" አላት፤ ሻንጣዋን ቆልፋ ስትጠብቅ ዋለችና በማግስቱ በአውቶቡስ ብቻዋን መጣች። አሁን ልትመረቅ ነው። ሎዳሞ ስልኩን አነሳ።

"ብሩኬ፣ ቅዳሜ እናትሽን ይዤ በራሴ መኪና ከች ነው! ዘንድሮ ሰው ሁሉ ያየኛል!"

"እሺ አባዬ" አለችው።

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እሱም ደስ ብሎት ስልኩን ዘጋ። ሚስቱ ደመቀች ግን ዝም አላለችም።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እኮ አጎቷን ጠርታዋለች። የተመራቂ ወላጅ ሲባል አጠገቧ የሚቆመው እሱ ነው።"

"እኔ አባቷ እያለሁ?"

"አንተ መቼ አለህ?"

ይህቺ ቃል አጥንቱ ድረስ ገባች። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሰውየው በዚህ ቅዳሜ ከቀረ ልጁን ማጣቱ ነው። እሱም ገባው።

መኪና ያልነው አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞርም ብሎ ከቆመ ቆይቷል። ሎዳሞ ከተጋጨ አዲስ መኪና ላይ ሞተሩንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ የነዳጅ ፔዳሉንም አውልቆ እዚህኛው ላይ ገጠመ። በድሮው መኪና ፔዳሉን ስትረግጡት ካቦ የሚሉትን የብረት ገመድ ይስባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ አለቀ። አዲሱ ሞተር ካቦ የሚባል ነገር አያውቅም። ፔዳሉ በሽቦ መልእክት ይልካል፦ "ሰውየው ይህን ያህል ረግጧል።" ኮምፒውተሩ ይሰማና ሞተሩን ያዘዋል።

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ተነሳ! ሎዳሞ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ፔዳሉን ረገጠ። ወይ ፍንክች! ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በራ፤ ሞተሩ ግን ነዳጅ አልቀበል አለ። አጥፍቶ አስነሳው፤ ያው ነው። መንገድ ላይ ይዞት ወጣ፤ እየተንፏቀቀ ትንሽ ሄደና ዳገቱ ግርጌ ሲደርስ የፈረስ ጋሪ ቀደመው። ባለጋሪው ዞር ብሎ "ጋሼ፣ ልጎትትህ እንዴ?" አለው። እንዴት እንደተናደደ አትጠይቁኝ።

ሰው ሲናደድ ምን ያደርጋል? የበለጠ ይረግጣል! እስከ ወለሉ ረገጠው፤ አልሄደም። ፔዳሉን ሰደበው፤ አልሄደም። ሌላ ፔዳል ተውሶ አምጥቶ ገጠመ፤ እሱም አልሄደም። ሽቦው ያው የበፊቱ ነዋ! በመጨረሻ ቸገረውና ኤርሱሞን ጠራው። ኤርሱሞ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛው ነው፤ አፉ አያርፍም።

ኤርሱሞ መጣ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። መሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ከፔዳሉ የሚወጡትን ሽቦዎች አየና ቀና አለ።

"ይሄን ማነው የቀጠለው?"

"እኔ ነኝ። ሁለት የመልእክት ሽቦ አለው፤ መኪናው ሲጋጭ አንደኛው ተበጥሷል። ከደህናው ላይ ቅርንጫፍ አወጣሁና ለሁለቱም ሰጠሁ። ያው አይደል? ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ እግር ነው።"

ኤርሱሞ ሳቁ አመለጠው።

"አይ ሎዳሞ! ያው ቢሆን ሁለት ሽቦ ምን ያደርግ ነበር? ፔዳሉ ውስጥ እኮ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ናቸው ያሉት። አንደኛው ከፍ አድርጎ ይናገራል፣ ሁለተኛው የእሱን ግማሽ ያህል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል፤ ከተስማሙለት ሞተሩን ይለቅልሃል። አንተ ምን አደረግህ? ሁለተኛውን ምስክር አስቀርተህ የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ጠራኸው!"

"ታዲያ ለምን ጨርሶ አያጠፋውም?"

"ጨዋ ነዋ! አይጣላህም። ቤትህ የምታደርስህን ያህል ትንሽ ይሰጥሃል። እንደ ልብህ አያስሮጥህም። አያምንህማ!"

ሎዳሞ መፍቻውን አስቀመጠ። ቃሎቹን በልቡ ደገማቸው፦ ጨዋ ነው፣ አይጣላህም፣ አያምንህም። የልጁ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣበት። ለካስ "እሺ አባዬ" ማለቷ አምናው አልነበረም። ያን ቀን ሰውየው አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ኤርሱሞ ሐሰተኛውን ቅርንጫፍ ቆረጠ። የተበጠሰውን ሽቦ ፔዳሉ ድረስ ተከትሎ ከገዛ ምንጩ ጋር በየደው፣ በቴስተር ለካ፣ ባትሪውን ነቅሎ መለሰ። "በል ርገጥ" አለው። ሎዳሞ ነካ ሲያደርገው ሞተሩ አገሳ። ወዲያው ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ለማን ነው?" አለ ኤርሱሞ።

"ለብሩኬ። በቃ እንደምመጣ ልንገራት።"

"ነግረሃታል እኮ!"

ሎዳሞ ስልኩን አየት አደረገና መልሶ ኪሱ ከተተው። ዓርብ ደመቀችን አሳፍሮ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት የኮሌጁ በር ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ነበር። ብሩክታዊት ጋዋኗን ለብሳ ከአጎቷ ጋር ስትመጣ አየችውና ቆመች። መጥታ ኮቱ ላይ የነበረውን አቧራ በእጇ አራገፈችለት፤ ከዚያ አለቀሰች። አጎቷንም አላስወጣችም፤ ልክ ነች። ፎቶው ላይ በአንድ ጎኗ አጎቷ፣ በአንድ ጎኗ አባቷ ቆመዋል።

ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

ቤታችሁ ውስጥ የማይጣላችሁ ሰው አለ? "እሺ" ብቻ የሚላችሁ? ሚስትህ መጠየቅ ከተወች ስንት ጊዜ ሆናት? ሰላም ሆነ ብለህ ደስ አለህ አይደል? ልጅሽ ዛሬ ዛሬ ምንም አይነግርሽም። "አድጓል፣ ጨዋ ሆኗል" ትያለሽ። እርግጠኛ ነሽ? ወይስ እሱም ቤት የምታደርስሽን ያህል ትንሽ እየሰጠሽ ነው?

እኛ ምን እናደርጋለን? የበለጠ እንረግጣለን። ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፣ እንምላለን፣ "ቃሌ ቃል ነው" እንላለን። ሥራህ የታለ ስንባል ስለ ሥራችን እናወራለን! ፍቅርሽ የታለ ስንባል ስለ ፍቅራችን እንናገራለን! አፍን ቀንጥሶ በእጅ ቦታ መቀጠል ማለት ይሄ ነው። ያችን የሎዳሞን ቅጥያ ስንቶቻችን ይዘናት ነው የመጣነው? እግዚአብሔርስ በዚህ ይታለል ይመስላችኋል? በየሳምንቱ እዚህ ቆመን "ጌታ ሆይ፣ ያንተ ነኝ" እንለዋለን። ሰምቶናል። ደንቆሮ አይደለም። እሱ የሚጠብቀው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚመጣውን ሌላውን ምስክር ነው።

አሜን አትበሉኝ! እባካችሁ ዛሬ አሜን አትበሉኝ፤ አሜንም አፍ ነው።

የመዝጊያ መዝሙር ነበረን፤ ይቆየን። የታመመ ወንድማችሁን "እመጣለሁ" ብላችሁት የሚጠብቃችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። እናቱን ካያት ዓመት ያለፈው አለ። እዚሁ ቀበሌ ውስጥ ነው ያለችው! እኔ ቡራኬ እስክሰጥ አትጠብቁ። በሩ ክፍት ነው፤ ተነሱና ሂዱ።